ፍግ፤ ለእንሰት ሲሳይ፥ ለምንጭ ጠንቅ

«ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» የሚለው የአባቶች ምሳሌ በሁላችንም አፍ የተለመደ ከመሆኑ የተነሣ ቆም ብለን ትርጕሙን የምናስበው ጥቂቶች ነን። ጥሩ ውሃ ከወዴት ይገኛል ቢባል ከምንጭ እንላለን። ምንጩስ ከወዴት ይመጣል ቢባል፥ መልሱ ከምንጩ በላይ ካለው ኮረብታ ነው። በኮረብታው ላይ ደግሞ ቤት አለ፤ ከቤቱ ጎን በረት አለ፤ በበረቱ ደጃፍ የፍግ ክምር አለ። ስለዚህ በዚህ ወር የምንጽፈው ስለሚጠጣ ውሃ ቢሆንም፥ ነገሩን ከሥሩ ለመያዝ ስንል የምንጀምረው ከፍግ ክምር ነው።

ክቡራን አንባቢዎቻችን፥ ይልቁንም መምህራን፥ ስለ ፍግ መጻፍ ለወረቀትና ለቀለም የማይገባ ነገር መስሎ እንዳይታያቸው እንለምናለን። ፍግ ርኩስ ነገር ብቻ አይደለም፤ በከፋ ምድር የእንሰትና የጎመን ምግብ ነው። እንዲሁም ሲሳይ ብቻ አይደለም፤ በአግባቡ ካልተያዘ ሕፃናትን የሚጥል የበሽታ ጎተራ ነው። አንዱ ነገር ሁለት ጠባይ ያለው በመሆኑ «አስወግዱት» ብሎ ማዘዝም፥ «ተዉት» ብሎ ዝም ማለትም አይበጅም። የሚያስፈልገው ሥርዐት ነው። ሥርዐቱ እንዴት ያለ ቢሆን እንደሚሻል ከዚህ በታች እንመረምራለን።

ገበሬው ያወቀው እውነት

የከፋ ገበሬ እንሰቱን የሚተክለው በቤቱ ዙሪያ ነው። ከበረት የሚጠረገው እበትና አዛባ፥ የምድጃው አመድ፥ የጓዳው ጥራጊ ሁሉ ወደ እንሰቱ ሥር ይሄዳል። ከዚህም የተነሣ በቤቱ አጠገብ ያለው አፈር ጥቁርና ልዝብ ሆኖ ሲገኝ፥ ከቤት እየራቁ በሄዱ መጠን አፈሩ እየቀላና ኀይሉ እየደከመ ይሄዳል። ይህ ዐይነቱ የለምነት መውረድ በከፋ ብቻ ሳይሆን በሲዳማም፥ በጌዴኦም፥ በጉራጌም፥ እንሰት በሚተከልበት አገር ሁሉ የሚታይ ነው። በሰሜኑና በመካከለኛው ደጋ እንጨት በመጥፋቱ እበቱ ኩበት ሆኖ በምድጃ ይነዳል። ደን ገና ባልራቀበት በከፋ ግን አብዛኛው ወደ መሬት የሚመለስ በመሆኑ፥ ይህን እንደ ታላቅ ዕድል ልንቈጥረው ይገባል።

የሀብቱን መጠን በቍጥር እንየው። አንዲት የአገራችን ላም በአንድ ቀንና ሌሊት በግምት 10 ኪሎ ግራም እርጥብ እበት ትጥላለች። ሦስት ከብት ያለው ቤተ ሰብ ከዚህ እኩሌታውን፥ ይኸውም በሌሊት በበረት ውስጥ የሚወድቀውን ብቻ ቢሰበስብ፥ በየቀኑ 15 ኪሎ፥ በዓመት ከ5,000 ኪሎ ግራም በላይ ያከማቻል። ከ1,000 ኪሎ እርጥብ እበት 4 ኪሎ ናይትሮጅን ብቻ ይገኛል ብንል እንኳ፥ ቤተ ሰቡ በዓመት ከ20 ኪሎ ግራም የማያንስ ናይትሮጅን በደጁ አለው። ዩሪያ የሚባለው ማዳበሪያ ከመቶው 46 እጁ ናይትሮጅን ስለ ሆነ፥ ይህ 50 ኪሎ ዩሪያ ከሚይዝ አንድ ከረጢት ጋር የሚቀራረብ ነው። በፍግ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ሁሉ በአንድ ዓመት ለሰብሉ የማይደርስ ቢሆንም፥ ፍግ ዩሪያ የማይሰጠውን ፎስፈረስና ፖታስየም ጨምሮ ይሰጣል፤ አፈሩንም ያለሰልሳል። ኮምጣጣ በሆነውና ፎስፈረስን ጨብጦ በሚይዘው በደቡብ ምዕራብ ቀይ አፈር ላይ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለውን አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል። ከከብት ከሚወጣው ናይትሮጅን እኩሌታ ያህሉ የሚገኘው በእበቱ ሳይሆን በሽንቱ ውስጥ ነው። የበረቱ ወለል ጭቃ ሆኖ ሽንቱ ወደ መሬት ከሰረገ ወይም በአፋፉ በኩል ከወረደ፥ የሀብቱ እኩሌታ ሳይነካ ጠፋ ማለት ነው። ገለባ፥ ደረቅ ሣር ወይም የደረቀ የእንሰት ቅጠል በከብቱ ሥር የሚነጠፈው ለከብቱ ምቾት ብቻ ሳይሆን ይህን ሽንት መጥጦ እንዲያስቀር ነው።

ዝናቡ ሲወስደው

የቦንጋ ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ኮረብታማ ቦታ ላይ ያለች ስትሆን፥ በዓመት የሚዘንብላት ዝናብ ከ1,500 ሚሊ ሜትር ይበልጣል። ዝናቡም የሁለትና የሦስት ወር እንግዳ አይደለም፤ የዓመቱን አብዛኛ ክፍል ይቈያል። ይህ ዝናብ ጫካውን፥ ቡናውንና ማሩን የሰጠን በረከት ነው። ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. የከፋን ደን በዓለም አቀፍ የሕያዋን ጥብቅ ቦታዎች መዝገብ እንዲጽፈው ያደረገው ልምላሜም የዚሁ ዝናብ ፍሬ ነው። ነገር ግን ይኸው ዝናብ ያልተከደነ የፍግ ክምር ባገኘ ጊዜ ዘራፊ ይሆናል። ከክምሩ ውስጥ የሚሟሟውን ሁሉ አጥቦ፥ ቡናማ ውሃ አድርጎ በቦዩ ያወርደዋል። የወረደው ውሃ መጀመሪያ ምንጩን፥ ቀጥሎ ጅረቱን፥ በመጨረሻም ጎጀብን አግኝቶ ወደ ኦሞ ይሄዳል።

እንግዲህ ልብ እንበል። ከላይ ያለው ገበሬ ማዳበሪያውን አጣ፤ ከታች ያለችው ባለ እንስራ ንጹሕ ውሃዋን አጣች። የሁለቱ ጉዳት ምክንያት አንድ ነው። ስለዚህ ክምሩን ከዝናብ የሚያድን ሰው ለራሱ እንሰት ሲያስብ ሳያውቀው የጎረቤቱን ልጅ ያድናል።

በሽታው በምን መንገድ ይመጣል

የመጀመሪያው መንገድ ውሃ ነው። በከብት እበት ውስጥ ኢ ኮላይ፥ ካምፒሎባክተር፥ ሳልሞኔላና ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባሉ ረቂቅ ተሐዋስያን ይገኛሉ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ከብቱን ሳያሳምሙ ሰውን፥ ይልቁንም ከአምስት ዓመት በታች ያለውን ሕፃን፥ በብርቱ ተቅማጥ ይጥላሉ።

ሁለተኛው መንገድ ዝንብ ነው። የቤት ዝንብ እንቁላሏን የምትጥለው እርጥብና ትኩስ በሆነ ፍግና ጥራጊ ላይ ሲሆን፥ እያንዳንዷ በሕይወቷ ዘመን እስከ 500 እንቁላል ልትጥል ትችላለች። በሞቃት ወራት እንቁላሉ ትል ሆኖ፥ ትሉ ክንፍ አውጥቶ እስኪበር ድረስ የሚፈጀው ከ7 እስከ 10 ቀን ብቻ ነው። ከዚህ ቍጥር አንድ ደንብ ይወለዳል። ይኸውም በየሳምንቱ የሚጠረግና የሚከደን ፍግ ዝንብ አያሳድግም፤ ሁለት ሳምንት ተከፍቶ የሚቈይ ግን አንድ ትውልድ ዝንብ ወደ ማዕዳችን ይልካል።

ሦስተኛው መንገድ ሰውና እንስሳ በአንድ ጣራ ማደራቸው ነው። ድኾ የሚሄድ ሕፃን እጁን ከወለል ወደ አፉ ያመላልሳል፤ በወለሉ ላይ የዶሮ ኩስ ካለ እርሱን ይበላል ማለት ነው። ስለ ኢትዮጵያ ገጠር እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት ዶሮ ማርባት ከሕፃናት የተሻለ ዕድገት ጋር የተያያዘ መሆኑን፥ ነገር ግን ዶሮዎቹ ሌሊት በመኖሪያ ቤት ውስጥ በሚያድሩበት ቤት የሕፃናቱ ቁመት የመቀጨጭ ምልክት የታየበት መሆኑን ገልጿል። ዶሮዋ በረከት ናት፤ ማደሪያዋ ግን ለብቻው ይሁን።

ከዚህም በቀር በፈረስና በከብት ፋንድያና እበት፥ ባዳበረውም አፈር ውስጥ የመንጋጋ ቆልፍ በሽታ ዘር ተሰውሮ ሊገኝ ስለሚችል፥ ቁስልን በተለይም የተወለደን ሕፃን እትብት እበት ማስነካት ለሞት የሚያደርስ አደጋ ነው።

የሌላው አገር ትምህርት

ውጭ አገር በትምህርት ላይ ሳለን ከተማርናቸው ምሳሌዎች አንዱ የዎከርተን ነገር ነው። ዎከርተን በካናዳ አገር በኦንታርዮ ክፍለ ሀገር የምትገኝ 5,000 ያህል ነዋሪ የነበራት ትንሽ ከተማ ናት። በግንቦት 1992 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሜይ 2000) ብርቱ ዝናብ ዘነበ። በከተማዋ የውሃ ጕድጓድ አጠገብ ባለ እርሻ ላይ የነበረ የከብት ፍግ ከዝናቡ ጋር ወደ ጕድጓዱ ገባ። የውሃው ሠራተኞች ክሎሪኑን በትክክል ስላልተቈጣጠሩ ከ2,000 በላይ ሰዎች ታመሙ፤ ሰባት ሰዎች ሞቱ። የተሾመው አጣሪ ዳኛ ዴኒስ ኦኮነር ነገሩን ሲመረምሩ ገበሬው የሚጠበቅበትን ደኅና አሠራር የተከተለ ሆኖ አገኙት። ከዚህ የምንማረው ቁም ነገር ይህ ነው፤ ገበሬው ቅን ሰው መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ ጕድጓዱና እርሻው የነበሩበት ቦታ ራሱ ስሕተት ነበር። ኦንታርዮም ቀድሞ በየከተማው ደንብ ይመራ የነበረውን የፍግ ነገር እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጣችው ሕግ ለክፍለ ሀገሩ ሁሉ አንድ አደረገችው።

ሁለተኛው ምሳሌ ሆላንድ ነው። በዚያ አገር ከብቱና ዐሣማው ከመሬቱ አቅም በላይ በዝቶ፥ ፍጉ ሀብት መሆኑ ቀርቶ ሸክም ሆነ። ከፍጉ የሚወጣው ናይትሬት ወደ ከርሠ ምድር ውሃ ገባ። ናይትሬት የበዛበት ውሃ በጡጦ ለሚያድጉ ጨቅላ ሕፃናት አደገኛ መሆኑ እ.ኤ.አ. በ1945 በአሜሪካ ከታወቀ ወዲህ፥ የዓለም የጤና ድርጅት በአንድ ሊትር ውሃ ከ50 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ መክሯል። የአውሮፓ ኤኮኖሚ ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጣው መመሪያ፥ አደጋ ባለባቸው ቦታዎች በአንድ ሄክታር መሬት ላይ በዓመት ከፍግ የሚመጣ ናይትሮጅን ከ170 ኪሎ ግራም እንዳይበልጥ ወሰነ።

ይህን የምንናገረው የሆላንድን ሕግ ገልብጠን በከፋ ላይ እንድንዘረጋው አይደለም። በዚያ ያለው ችግር የፍግ ብዛት ነው። በእኛ ዘንድ ግን በቤቱ ዙሪያ ተርፎ፥ በዳር መሬት ላይ ጠፍቶ፥ መካከሉን ዝናብ ይወስደዋል። የእነርሱ ሕግ በኪሎ ይቈጥራል፤ የእኛ ሥርዐት ግን መቍጠር የሚገባው በእርምጃና በቀን ነው። ፍጉ ከምንጩ ስንት እርምጃ ራቀ? ሳይከደን ስንት ቀን ቈየ? የእኛ ጥያቄ ይህ ነው።

የአገራችን ሕግ ምን ይላል

በአገራችን ሕግ ዘንድ ይህ ነገር መሠረት ያጣ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1225 ባለ መሬት ጎረቤቱን እንዳያውክ፥ ጢስ፥ ጥላሸት፥ መጥፎ ሽታና ጩኸት ከመልካም ጕርብትና ልክ አልፎ እንዳይለቅ ይከለክላል፤ ልኩም ሲመዘን የአገሩ ልማድና የመሬቱ አቀማመጥ እንዲታይ ያዛል። ይህ የመጨረሻው ቃል ለእኛ ታላቅ ትርጕም አለው። በሜዳ ላይ የማይጐዳ ክምር በአፋፍ ላይ ይጐዳል፤ በገጠር የተለመደ ሽታ በከተማ መካከል ይከብዳል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ደግሞ በአንቀጽ 44 ሁሉም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት ያለው መሆኑን ደንግጓል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ቆሻሻን ሲተረጕም የማይፈለግ ሆኖ የተጣለ ነገር መሆኑን ገልጾ ነበር። በዚህ ትርጕም ብንሄድ ያው ፍግ በእንሰቱ ሥር ሲውል ሀብት፥ በመንገድ ቦይ ሲጣል ቆሻሻ ነው። የሚለየው ፍጉ ሳይሆን የሰዎች አያያዝ ነው።

እነዚህ ሕጎች መሠረቱን ጥለዋል እንጂ በእያንዳንዱ ምንጭና በእያንዳንዱ በረት መካከል ያለውን ርቀት አልለኩም። ያንን ሊለካ የሚችል የመንደሩ ሰው ነው። ለዚህም በአገራችን መልካም ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. በ1996 በትግራይ በዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና በወይዘሮ ሱ ኤድዋርድስ መሪነት የተጀመረው ሥራ ገበሬዎች ብስባሽ እንዲያዘጋጁ፥ እርከን እንዲሠሩ ሲረዳ፥ መንደሮቹ ልቅ ግጦሽን የሚገታ የራሳቸውን ደንብ መክረው እንዲያወጡ አድርጓል። ከብቱ ሲታሰር እበቱም ተሰበሰበ። ደንቡን የጠበቁት ራሳቸው ስላወጡት ነው።

ለቀበሌና ለዕድር የቀረበ ሐሳብ

በዚህ መሠረት በቦንጋ ከተማና በዙሪያዋ ባሉት ወረዳዎች የሚገኙ ቀበሌዎችና ዕድሮች ተወያይተው ሊያጸድቁት የሚችሉ የአምስት ነገር ደንብ ከዚህ በታች እናቀርባለን።

1ኛ/ ስለ ቦታ። በረትና የፍግ ክምር ከምንጭ፥ ከውሃ ጕድጓድና ከጅረት ዳር ከ30 ሜትር በማያንስ ርቀት፥ በተቻለም መጠን ከምንጩ በታች ባለው አቅጣጫ ይሁን። 30 ሜትር ለመጸዳጃ ጕድጓድ የሚመከር ርቀት ሲሆን፥ በአፋፍ ላይ ከዚህ መብለጥ አለበት። ምንጩም በአጥር ተከልሎ፥ ከበላዩ የጐርፍ መከተሪያ ቦይ ይቈፈርለት።

2ኛ/ ስለ ክዳን። በዝናብ ወራት ፍጉ ከመሬት ከፍ ባለ ቦታ ተከምሮ በሣር ወይም በእንሰት ቅጠል ይከደን፤ በዙሪያውም ቦይ ይቈፈርለት። ጕድጓድ ለበጋ ይስማማል እንጂ በክረምት ኩሬ ይሆናል።

3ኛ/ ስለ ጊዜ። በረት በየቀኑ ይጠረግ፤ የተጠረገው ከሰባት ቀን በላይ ሳይከደን አይቈይ። እበቱ ከገለባ፥ ከቅጠልና ከጥቂት አመድ ጋር ተደራርቦ ሲከመር በውስጡ ይሞቃል፤ ሙቀቱ 55 ዲግሪ ሲደርስና ለቀናት ሲቈይ አብዛኛውን የበሽታ ዘርና የዝንብ ትል ይገድላል። መሞቁን ለማወቅ ረዥም እንጨት በክምሩ መካከል ሰክቶ፥ ከጥቂት ጊዜ በኋላ መዝዞ በእጅ መዳሰስ ይበቃል። እንጨቱ ቀዝቅዞ ከወጣ ክምሩ ይገለበጥ። በየሦስትና በየአራት ሳምንቱ እየተገለበጠ በሦስት ወር ገደማ የበሰለ ብስባሽ ይሆናል። ጥሬ እበት ግን ያለ ማብሰል በሚበላ አትክልት ላይ ፈጽሞ አይደረግ።

4ኛ/ ስለ መኖሪያ። ከብትም ዶሮም ከሰው መኝታ ተለይተው ይደሩ። ይህ ምክር አዲስ አይደለም፤ በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ያሠለጠናቸው የጤና መኰንኖችና የንጽሕና ሠራተኞች የዚህ ዐይነት ሥራ ቀዳሚዎች ነበሩ፤ ከ1995 ዓ.ም. ወዲህም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቤቱ ሲያስተምሩት ቈይተዋል። ስርቆትን የሚፈራ ሰው በረቱን ከቤቱ ጋር በግድግዳ አለያይቶ፥ በሩን በሌላ ወገን ቢያወጣ እንኳ ታላቅ ለውጥ ነው።

5ኛ/ ስለ ማከፋፈል። የበሰለው ፍግ ሁሉ በጓሮ አይቅር፤ ከፊሉ ወደ ዳር መሬት ይሂድ፤ በተበተነበትም ቀን ከአፈር ጋር ይቀላቀል። በከተማ ከብት የሚያረቡ ሰዎች ፍጉን በመንገድ ቦይ ከመጣል ይልቅ፥ ከከተማው ዳር ካሉ ገበሬዎች ጋር ተዋውለው በየሳምንቱ ይስጡ። አራትና ከዚያ በላይ ከብት ያለውና ውሃ የማይቸግረው ቤተ ሰብ እበቱን በባዮጋዝ ጕድጓድ ቢያሳልፈው እሳቱንም ማዳበሪያውንም ያገኛል።

በአጠውልግ በሽታ የተያዘ እንሰት ግን በዚህ ክምር ውስጥ አይጨመር፤ ለከብትም አይሰጥ። እ.ኤ.አ. በ1968 ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ የተባሉ ሊቃውንት የዚህ በሽታ ምክንያት ባክቴሪያ መሆኑን ገልጸዋል። ስለዚህ የታመመው ተክል ተነቅሎ ለብቻው ይቀበር፤ የቈረጠውም ቢላ በእሳት ይለብለብ።

ሸክሙ በማን ላይ ነው

ደንብ ማውጣት ቀላል ነው፤ የደንቡ ሸክም በማን ጫንቃ ላይ እንደሚያርፍ ማሰብ ግን የሕሊና ግዴታ ነው። በብዙ ቤት በረት የምትጠርገው፥ ፍጉን በቅርጫት ተሸክማ ወደ እንሰቱ የምታደርሰው፥ ውሃም የምትቀዳው ሴቲቱ ናት። «ክምሩ 30 ሜትር ይራቅ» ብለን ስናዝዝ ለእርሷ በየቀኑ 30 ሜትር ጨመርንባት ማለት ነው። በዚህ ላይ ቅጣት ብንጨምር ደንቡ የድኻይቱን ቤት ብቻ የሚመታ ይሆናል። ስለዚህ አስቀድሞ እርዳታ፥ ቀጥሎ ምክር፥ በመጨረሻ ቅጣት ይሁን እንላለን። ክምሩን የማዛወሩን ሥራ ወንዶቹ በደቦ ይሥሩት፤ ዕድሩ አንድ የእጅ ጋሪ ገዝቶ በተራ ያውስ፤ የሚሰበሰበውም መቀጫ ለምንጩ አጥር ይዋል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና።

ለመምህራን

ትምህርት ቤት የዚህ ሥራ ልብ ነው። መምህራን ተማሪዎቻቸውን ይዘው ወደ ቅርቡ ምንጭ ይውጡ፤ ከምንጩ በላይ ያለውን በረት፥ ክምርና መጸዳጃ ሁሉ በእርምጃ እየለኩ በካርታ ላይ ይሣሉ። ያ ካርታ በቀበሌው ስብሰባ ላይ ቢሰቀል ከብዙ ስብከት ይልቅ ያስረዳል፤ ማንንም በስም ሳይነካ ሁሉም የራሱን ደጅ ያይበታልና። እንዲሁም በትምህርት ቤቱ ግቢ ሁለት መደብ ጎመን ተተክሎ፥ አንዱ በበሰለ ብስባሽ፥ ሁለተኛው ያለ ምንም ቢያድግ፥ ልጆቹ ልዩነቱን በዐይናቸው አይተው ለወላጆቻቸው ይነግራሉ።

መጪው ዝናብ እስኪጀምር ድረስ ያለው ጊዜ አጭር ነው። ዝናቡ ከመጣ በኋላ ክምሩን ማንሣት በጭቃ ላይ መድከም ይሆናል፤ ምንጩም እስከዚያ ይቈሽሻል። ስለዚህ እያንዳንዱ የቤት አባወራና እማወራ በዚህ ሳምንት ከክምሩ እስከ ውሃው ድረስ ያለውን ቦታ በእርምጃ እንዲለካ፥ የዕድር ዳኞችም በሚቀጥለው ስብሰባቸው ከላይ የተጻፉትን አምስት ነገሮች አንብበው ለሰፈራቸው የሚስማማውን መርጠው በመዝገብ እንዲያጸድቁ በትሕትና እናሳስባለን። እንሰቱ ሲሳዩን ያግኝ፤ ምንጩም ጥራቱን አይጣ።